ሾፌር ከነረዳቱ

ጥቅምት 5 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ እሑድ

ይህ ደብተር መሥሪያ ቤቱ የኪሎሜትርና የናፍጣ መመዝገቢያ ብሎ የሰጠኝ ነው። ናፍጣው እንደሆነ ብመዘግበውም ባልመዘግበውም ያልቃል። ስለዚህ ሌላ ነገር እጽፍበታለሁ።

ዛሬ የአቦ ንግሥ ነው። መካኒሳ በሙሉ ነጭ ለብሶ ወጥቷል። እኔ የሄድኩት ግን ቀበሌ ነው። ለልጄ ለውዳሴ ምግብ ማመላለስ ከጀመርኩ ሃያ ሁለተኛ ቀኔ ነው። ያሰሯት አንድ የተወረሰ ቪላ ጋራዥ ውስጥ ነው። ዘበኛው እንጀራውን በሽቦ እየወጋ ፈተሸው። "ምን ትፈልጋለህ፣ ቦምብ?" አልኩት። ሣህኑን ሲመልስልኝ ተልሶ ነበር። ልጄ ሣህን አትልስም፤ እናቷ እንደዚያ አላሳደገቻትም። ማን እንደበላው አውቄ ነገም አቀርባለሁ።

የጭነት መኪናዬን ብቻዬን መንዳት ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ረዳቴ በንቲ የሰባት ልጆች አባት ነው፤ ሚሊሻ ብለው ወሰዱት። ቱታውን ጋቢናው ውስጥ ሰቅሎ ሄደ። የይለፍ ወረቀቴ ግን አሁንም "ሾፌር ከነረዳቱ" ይላል። የቀበሌ ሰዎች ሰው መውሰድ እንጂ ወረቀት ማረም አያውቁም።

ጥቅምት 9፣ ሐሙስ

ምግብ አቀበልኩ። ሹራቧ ተመልሶልኛል፣ ክንዱ ላይ ደም አለበት። አጠብኩት። ደሙ አለቀቀም።

ጥቅምት 14፣ ማክሰኞ

የቀበሌው ሊቀመንበር መኩሪያ አስጠራኝ። ይህ መኩሪያ ከአራት ዓመት በፊት ነፋስ ስልክ ላይ መኪናዬን ያጥብልኝ ነበር። ጥሩ አጣቢም አልነበረም፤ ከጎማ ሥር ያለውን ጭቃ ይተወዋል። ዛሬ ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ "ተቀመጥ" አላለኝም።

"ጓድ አስረስ፣ ልጅህ የተጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው። ሱልጣን የት ነው? አንድ ቃል ነው እኮ።"

"አታውቅም፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ታውቃለች። አብረው ነው ያደጉት። አፏ የብረት ነው። ግን ብረትም ይቀጠቀጣል።" ከዚያ ድምፁን ለስለስ አደረገ። "የሚያውቅ ሌላ ሰው ከተገኘ እሷን ማን ይጠይቃል? ደግሞ አንተ ሞያሌ የምትወርድ ሰው ነህ፣ ረዳት የለህም። አንዲት እናት ልጇን ከአገር ማስወጣት ስትፈልግ ማን ዘንድ ትሄዳለች? እኔ ብሆን አንተ ዘንድ ነበር የምመጣው።"

ሱልጣን የጎረቤቴ የከድጃ ልጅ ነው። ከድጃ ባሏ የሞተባት፣ በርበሬና ቅመም የምትሸጥ ሴት ናት። ግድግዳችን አንድ ነው፤ ስታስል ይሰማኛል። ባለቤቴ ጤናዬ ስትሞት ውዳሴ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፀጉሯን ያጠበችውም የሠራችውም ከድጃ ናት። እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ። ሾፌር ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው።

ጥቅምት 19፣ እሑድ

መኩሪያ ያለው ደረሰ። ከድጃ መጣች። በሩን ዘጋች፣ ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች።

"የውዳሴ አባት፣ ልጄ ቤት ነው ያለው።"

"የት ቤት?"

"እኔ ቤት። ኮርኒሱ ውስጥ። ወር አለፈው። ቀን አይንቀሳቀስም፣ አያስልም። እሱ ማሳል ሲፈልግ እኔ ነኝ ከታች የማስለው።"

ለካ በግድግዳው የምሰማው ሳል ያ ነው። እኔ ደግሞ ብርድ መቷት መስሎኝ ጤናዳም ልኬላት ነበር።

"ሞያሌ አድርሰው። ከዚያ ወዲያ እግሩ ያውቃል፣ ኬንያ ጓደኞች አሉት። ይለፍህ ረዳት ይላል አሉ።" ውዳሴን እኔ አሳደግኩልህ አላለችም። አለማለቷ ከማለቷ ይብስ ነበር። የሰው ውለታ እንደ ትርፍ ጭነት ነው፣ ዳገት ላይ ነው የሚታወቀው።

ላስብበት አልኳት።

ጥቅምት 20፣ ሰኞ

ይለፌን ለማሳደስ ቀበሌ ሄድኩ። መኩሪያ ወንበር ሰጠኝ። ሻይ አስመጣልኝ። አንድ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ይለፍ ማሳደስ ጊዜ ይወስዳል።

ጥቅምት 21

ትናንት መኩሪያ ዘንድ ምንም አላልኩም። የምሄድበትን ቀን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። እሱማ ምሥጢር አይደለም፣ መሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ውዳሴ መቼ ትፈታለች አልኩት። "ስትመለስ ቤትህ ታገኛታለህ" አለኝ። አባት ነኝ። አባት ያልሆነ ሰው ይፍረድብኝና እንይ።

ጥቅምት 26፣ እሑድ

ሹራቧ እንደገና ተመለሰ። አላጠብኩትም።

ኅዳር 1፣ ዓርብ

ዛሬ ዐረፋ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ያሉት እስላሞች አርደዋል። ከድጃ አላረደችም፤ ሰው ሲጠይቃት "ለማን ብዬ" ትላለች፣ ሰው ደግሞ ልጇ የጠፋባት እናት ናት ብሎ ያዝንላታል። ሄጄ "እሺ፣ ሰኞ ይዘጋጅ" አልኳት። ጉልበቴን ሳመችው። ተነሺ አልኳት። አልነሣ አለች። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ኅዳር 4፣ ሰኞ፣ ሻሸመኔ

ጨውና ስኳር ጭኛለሁ። ሱልጣን የበንቲን ቱታ ለብሶ በጓሮ ወጣ። ከስቷል፣ ብርሃን ዓይኑን ይወጋዋል። ቃሊቲ ኬላ ስንደርስ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ደበቃቸው። "እጅህን ግሪስ ቀባው፣ ግሪስ ያለበትን እጅ ማንም አያየውም" አልኩት። ወታደሩ ይለፉን ገልብጦ ማኅተም መታበትና "2 ሰው" ብሎ ጻፈ። አለፍን።

ልጁ ከናዝሬት አልፎ አያውቅም። ዝዋይን ሲያይ እንደ ሕፃን አንገቱን በመስኮት አወጣ። የወንዙን ሁሉ ስም ይጠይቀኛል። ያላወቅኩትን ፈጠርኩለት፣ እሱ ደግሞ በቁም ነገር ይይዘዋል።

መኪና በቆመ ቁጥር ወርዶ፣ እንዳይንከባለልብን ከጎማው ሥር ታኮ ያስገባል። መጀመሪያ ታኮውን በተቃራኒ በኩል አስገባ። ሰደብኩት። ሳቀ። ሁለተኛ አልተሳሳተም።

ኅዳር 5፣ ማክሰኞ፣ ዲላ

ከቃሊቲ ጀምሮ ሦስት ኬላ አለፍን። "2 ሰው"፣ "2 ሰው"፣ "2 ሰው"። ምሳ ሽሮ አዘዝኩ። ጾም አይደለም፣ ግን የኛን ሥጋ አይበላም ብዬ ነው። "ጋሼ፣ ለራስዎ ሥጋ ይዘዙ እንጂ" አለኝ። አልፈልግም አልኩት። እውነትም አላሰኘኝም።

መንገድ ላይ መልእክት ሰጠኝ። ለውዳሴ። "ታኮ ማስገባት ተምሬያለሁ በሉልኝ። የብስክሌት ጎማ መቀየር አትችልም እያለች ትስቅብኝ ነበር" አለኝ። እሺ አልኩት።

ሞያሌ ድረስ አራት መቶ ኪሎሜትር ቀርቶናል። አንድ ሰው በአራት መቶ ኪሎሜትር ውስጥ ብዙ ማሰብ ይችላል። እኔ ከሥር የባሌስትራውን መንጓጓት ነው ያዳመጥኩት።

ኅዳር 6፣ ረቡዕ፣ ያቤሎ

ሙቀት። አቧራ።

ያቤሎ ኬላ ሳይደረስ ድልድይ አለ። ሞተሩ ይሞቃል ብዬ ቆምኩ። ሱልጣን ታኮ አስገባ። ጀሪካኑን ሰጥቼው ለራዲያተር ውኃ ይቅዳ ብዬ ላክሁት። ቢጫው ጀሪካን ነው፣ ጤናዬ በሕይወት ሳለች የገዛሁት፣ ጠንካራ ዕቃ።

ጊዜው ስለመሸብኝ ሄድኩ። ታኮውን ራሴ አወጣሁ።

ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላ ጎማ የፈነዳ ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ አሥሩንም እየዞርኩ ደበደብኳቸው። ሁሉም ደህና ናቸው።

ኬላው ላይ ያለው ወታደር "ረዳትህስ?" አለኝ። ታሞ ሀገረ ማርያም ቀረ አልኩት። ፈገግ ብሎ "1 ሰው" ጻፈና ማኅተሙን መታ። ጥርሱ መጥፎ ነው።

ጀሪካኑ ጠፋብኝ። እንዲህ ያለ ጀሪካን ዛሬ አይገኝም።

ኅዳር 7፣ ሐሙስ፣ ሞያሌ

ጭነቱን አራገፍኩ። ድንበሩ አንዲት ሸለቆ ናት፤ ወዲህ እኛ፣ ወዲያ ኬንያ። ፍየሎቹ ያለ ይለፍ ይሻገራሉ። የወዲያኛው ሰው ልብስ አጥቦ ሲያሰጣ ይታያል፤ ጠጠር ቢወረውሩ የሚደርስ ይመስላል።

ከወዲያ ዕቃ ከምታመጣ ሴት አንድ ሻሽ ገዛሁ። አረንጓዴ ነው፣ ቢጫ አበባ አለበት። ከድጃ ጥቁር ብቻ ነው የምታስረው።

ሱልጣን ተሻገረ።

ኅዳር 12፣ ማክሰኞ

ኅዳር ሲታጠን ገባሁ። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ያቃጥላል፤ ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል። ጥሩ ነው፣ ሁሉም ያለቅስ ነበር።

ከድጃ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ምንም ሳትጠይቀኝ ዓይኔን ብቻ አየችው። "ተሻገረ። ይህን ላከልሽ" ብዬ ሻሹን ሰጠኋት። አሸተተችው። "የሱ ሽታ የለውም" አለች። አዲስ ስለሆነ ነው አልኳት። "እውነትህን ነው፣ አዲስ ነው" ብላ ጥቁሩን ፈትታ እዚያው አሰረችው። ሸበቶ ሆናለች። እስከ ዛሬ አላየሁም ነበር።

ውዳሴ ቤት የለችም። ጋራዡ ሄጄ ምግብ አቀበልኩ።

ኅዳር 14፣ ሐሙስ

ተፈታች። እግዚአብሔር ይመስገን።

በሁለት እግሯ ነው የመጣችው። የግራ እጇ ሦስቱ ጣቶች አይታጠፉም። ከድጃ እልል አለች። ውኃ አሙቃ አጠበቻት፣ ፀጉሯን ሠራችላት፣ ልክ እንደ ልጅነቷ። እኔ ውጪ ተቀምጬ ሰማኋቸው። ከድጃ ቀስ ብላ "ተሻግሯል" ስትላት ሰማሁ። ልጄ ስታለቅስ የሰማሁት ያኔ ነው። ሲደበድቧት አላለቀሰችም አሉ።

የመለቀቂያ ወረቀቷን አየሁት። "እንድትፈታ ተወስኗል" ይላል፣ ማኅተም አለው። ቀኑ ጥቅምት 28 ነው። የጸሐፊ ስሕተት መሆን አለበት፤ እኔ የወጣሁት ኅዳር 4 ነው። እነዚህ ሰዎች ቀን እንኳ መጻፍ አያውቁም።

ኅዳር 17፣ እሑድ

ውዳሴ ብዙ አትናገርም። ዛሬ ምሳ ላይ፣

"አባባ፣ ምንም አላለህም?" አለችኝ።

"ማን?"

"ሱልጣን። ስትለያዩ።"

"ቸኩሎ ነበር። ምንም አላለም።"

"እሱ? ምንም ሳይል?" አለችና ሣህኗን ገፋ አደረገች። የታኮውን ነገር ልነግራት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ለምን እንዳልነገርኳት አላውቅም።

ኅዳር 19

ከድጃ ቅመም የምትሸጥበት ቦታ አለፍኩ። ሻሹን አስራለች። ለገበያተኛው ሁሉ "የውዳሴ አባት ከሞያሌ አመጣልኝ" ትላለች። ማን እንደላከው አትናገርም፣ ጠንቃቃ ናት። ሰላም ብላኝ በርበሬ በወረቀት ጠቀለለችልኝ። እምቢ ብላት ኪሴ ውስጥ ከተተችው። ይቺ ሴት ምስጋናዋን ብትተውልኝ ምን አለ? አንዳንድ ሰው በደግነቱ ሰው ይገድላል።

ኅዳር 23፣ ቅዳሜ

መኩሪያን መንገድ ላይ አገኘሁት። ስለዚያ ቀን ጠየቅሁት፤ የጸሐፊ ስሕተት ነው ወይ ብዬ።

"የምን ስሕተት? ዝርዝሩ ከበላይ በጥቅምት ነው የመጣው። ኪሴ ውስጥ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርህ ትሄድልኝ ነበር?" ሳቀ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፣ ልክ ጥሩ እንደሠራ በቅሎ። "ደግሞ እኮ ጓድ አስረስ፣ እኔ ምንም አላልኩህም። ኮርኒሱ ውስጥ ነው ያልከኝ አንተ ነህ። እዚሁ ሰፈር ብንይዘው ሰው ያለቅሳል፣ እናት ትጮኻለች። መንገድ ላይ ይሻላል ያልከውም አንተ ነህ።"

ነፋስ ስልክ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ልጄ ቀድማ ተፈትታ ነበር። ወረቀቷ ኪሱ ውስጥ ሆኖ ነው መንገድ ስወጣ ያየኝ። ሞያሌ ድረስ ሁለት መቶ ኪሎሜትር ነበር የቀረን። ሁለት መቶ ኪሎሜትር ለኔ ምንድን ነው? ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። ይበቃኛል፣ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ኅዳር 27፣ ረቡዕ

ሰኞ ሞያሌ ውረድ ተባልኩ። ቀበሌ አዲስ ይለፍ የሚሰጠው የድሮውን ሲመልሱ ነው። ይለፉን ያስቀመጥኩት እዚህ ደብተር ውስጥ፣ በኅዳር 6 ገጽ ላይ አጥፌ ነበር። የለም።

ጋቢናውን አየሁ። ወንበሩን ነቀልኩ። ኪሶቼን በሙሉ ገለበጥኩ። የለም።

ደብተሩ ቦታው ላይ ነው። ውዳሴ አንብባው ከሆነም ምን ታገኛለች? ተጠንቅቄ ነው የጻፍኩት። እዚህ ውስጥ ሱልጣን ተሻገረ ነው የሚለው። ከኔ አፍ የወጣ ክፉ ቃል የለበትም፣ እንደገና ከመጀመሪያው አነበብኩት፣ የለበትም።

ወረቀቱ ጀርባ ላይ ግን ማኅተሞቹ አሉ። ቃሊቲ 2 ሰው። ሻሸመኔ 2 ሰው። ዲላ 2 ሰው። ሀገረ ማርያም 2 ሰው። ያቤሎ 1 ሰው። ሜጋ 1 ሰው። ሞያሌ 1 ሰው።

ሃያ ስድስት ዓመት ኬላ ያለፍኩ ሰው ነኝ። ይህን እንዴት አላየሁም?

ኅዳር 28፣ ሐሙስ

ውዳሴ ቤት አላደረችም። ጫማዋ ከድጃ ደጃፍ ላይ ነው። ግድግዳው አንድ ነው፤ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ለቅሶ የለም። ሳልም የለም።

ኅዳር 29፣ ዓርብ

ይለፌ ጠፋ ብዬ አመለከትኩ። መኩሪያ አልተቆጣም፣ አዲስ አጻፈልኝ። "ረዳት የለህም አይደል?" አለና "ከነረዳቱ" የሚለውን አስወጣው። አሁን "ሾፌር ብቻውን" ይላል። ለአንዴም ቢሆን ማረም ተማሩ።

ታኅሣሥ 2፣ ሰኞ

ጠዋት ሞተር እያሞቅኩ ከድጃ መጣች። ወደ መንገድ ስወጣ ሁልጊዜ ዳቦ ትይዝልኛለች። ዛሬ ዳቦ አልያዘችም። ጥቁሩን ሻሿን አስራለች። አረንጓዴውን አጣጥፋ፣ ተኩሳው መሰለኝ፣ ጋቢናው ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትጮህ፣ ድንጋይ ብታነሣ፣ ሰፈሩን ብትጠራብኝ ምን አለበት አልኩ። ፊቷ ግን ሰዓት የሚጠይቅ መንገደኛ ፊት ነበር።

"የውዳሴ አባት፣ ይለፍ አውጥቻለሁ። የታመመች እኅት አለችኝ ብዬ። እስከ ያቤሎ የሕዝብ አውቶቡስ አለ አሉኝ።"

"አለ" አልኳት።

"አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ከዚህ ስንሄድ በቀኝ በኩል ነው በግራ? ትኬት ስቆርጥ በዚያ በኩል ያለውን መስኮት ልጠይቅ ብዬ ነው። እንዳያልፈኝ።"

ሞተሩ ይጮኻል። አልሰማሁም ማለት እችል ነበር። ምን በግራ፣ ልጅሽ ኬንያ ነው ማለትም እችል ነበር። አፌ ለምዶታል።

"በግራ ነው" አልኳት። "ድልድዩን ተሻግረሽ። ሁለት ቀይ ኩይሳ አለ፣ ሰው የሚያህል። ቢጫ ጀሪካን ይኖራል፣ ካልወሰዱት።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለችኝ።

ውዳሴ ከኋላዋ ቆማ ነበር። የከድጃን ዘንቢል በማይታጠፉት ጣቶቿ አንጠልጥላለች። እሷም ልትሄድ ነው። "ውዳሴ" አልኳት። ታኮ ማስገባት ተምሬያለሁ በሉልኝ ብሎኝ ነበር አልኳት፤ አልኳት መሰለኝ። ከድጃን በክንዷ ይዛ ሄደች።

ወርጄ ታኮውን ከጎማው ሥር ራሴ አወጣሁ።

ቃሊቲ ኬላ። ወታደሩ አዲሱን ይለፍ ገለበጠ፣ ጋቢናውን አየ፣ ወንበሩ ላይ ያለውን ሻሽ አየ።

"1 ሰው" ብሎ ጻፈ።